እትዬ ዘምዘም ያልነኩት ሳህን

እትዬ ዘምዘም ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። እኔ አሁን የምኖረው ኮኪት ነው። ልጃቸው ፋጡማ ጠዋት ደጋግማ ደውላ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ስልኬ ተዘግቶ ነበር። መተማ ዮሐንስ ስደርስ ወንዶቹ ከመቃብር ተመልሰው ዳሱ ሥር ውሃ ይጠጣሉ። ሙስሊሞች ሬሳ እንደማያቆዩ አውቃለሁ። ቢሆንም ከፋኝ።

ፋጡማ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ አቀፈችኝ። እናቷን ካጠቡት አንዷ እሷ ነበረች። በእነሱ ወግ ሴት ስትሞት ጸጉሯ ይፈታል፤ ይታጠብና ሦስት ጉንጉን ሆኖ ወደ ኋላ ይጣላል። «ጠማማ አድርጌ ነው የጎነጎንኳት» አለችኝ። «ብታየው ኖሮ ‹ፍቺውና እንደገና› ትለኝ ነበር።» ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አለቀስን።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ረድቶኛል፤ ሁሉንም እግዚአብሔር ይክፈላቸው። እትዬ ዘምዘምን የማልረሳቸው ግን ደግ ስለ ነበሩ አይደለም። ደግ ሰው ብዙ አለ። የማልረሳቸው አንድ ቀን ያልነኩትን ነገር እኔ ስለ ነካሁ ነው።

ጸጉር ሠሪ ነበሩ። ቤታቸው ወደ ጉምሩክ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መስተዋት ይንቀጠቀጣል። አባታቸው ከጎንደር የወረዱ ነጋዴ፣ እናታቸው ከወዲያ ማዶ ከጋላባት ናቸው። ስለዚህ ሁለቱንም እጅ ያውቁ ነበር፤ የደገኛውን ሹሩባም፣ የሱዳን ሴቶች ሙሻጥ የሚሉትን እንደ ክር የቀጠነ ጉንጉንም። ረጅምና ቀጭን ነበሩ። የቀኝ እጃቸውን ትንሽ ጣት ጥፍር ያሳድጉ ነበር፤ ጸጉር የሚከፍሉበት ነው። የምትሠራዋ ሴት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ፣ ጉልበታቸው መሃል ትቀመጣለች። እሳቸው ቴሌቪዥን እያዩ ይሠራሉ። እጃቸውን አያዩትም።

ወሬ አይወዱም። «ራስ ይናገራል፣ እጄ ይሰማል፣ አፌ አያገባውም» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ ሙሽራ መጣች። ጸጉሯን ሲከፍሉ ከጆሮዋ በላይ ያልሻረ ቁስል አገኙ። ምንም አልጠየቋትም። ቁስሉን አልፈው፣ እንዳይነካት አድርገው ሠርተው ሸኟት። በማግስቱ የባሏ እናት ቤት ሄደው፣ «ከዛሬ ጀምሮ የምራትሽን ጸጉር በየሳምንቱ የምሠራው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳይነካት» አሉና ወጡ። ሌላ አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ በዚያች ልጅ ራስ ላይ ቁስል አልተገኘም። ባልየው ሚስቱ በየሳምንቱ እንደምትነበብ አወቀ።

በቴሌቪዥን የሚወዱት የድሮ ታሪክ ነው። ንጉሥ፣ ምርኮኛ፣ ስደት ያለበት። የየትኛውም አገር ቢሆን ግድ የላቸውም፤ የሚያዩት ጸጉሩን ነው። «ሰባት ዓመት ታሰረ ይሉናል፤ ጢሙ የትናንት ነው» ይላሉ። ወይም፣ «ይቺ ልጇ ሞቶባታል? ቅንድቧን ማን አስተካከለላት ታዲያ?» አንድ ጊዜ አንዲት ተዋናይ ስታለቅስ እኔም አብሬ ሳለቅስ፣ እሳቸው እጃቸውን ሳያቆሙ፣ «አትድከሚ፤ እሷ አላዘነችም» አሉኝ። እንዴት አወቁ ብላቸው፣ «ጸጉሯ አልሰማም» አሉ።

እኔ እሳቸው ዘንድ ሥራ የገባሁት ባሌ በወባ ከሞተ በኋላ ነው። ባሌ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ነጂ ነበር። እንደ ወጉ ጸጉሬን ተላጭቼ ነበር። ሥራ ፍለጋ ስሄድ ሻሼን ገለጥ አድርገው በጣታቸው ለኩኝ። «ሁለት ጣት ሆኗል። መሥራት ትችያለሽ» አሉኝ። የዚያን ዕለት የሌላ ሴት ራስ ማጠብ ጀመርኩ። ልጄ ሐና ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች። በእሳቸው ቤት አደገች ማለት ይቻላል። ተመስገን።

ሐና አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ መንገዱ ደህና በነበረበት ጊዜ፣ ፊልም ሠሪዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ስለ ድሮው የድንበር ጦርነት የሚተርክ ፊልም ነው አሉ። ሰሊጡ የታጨደበት ማሳ ላይ ድንኳን ተከሉ፤ የሣር ጎጆ ሠሩ፤ የውሸት የውሃ ጉድጓድ ቆፈሩ። ጸጉር የሚሠራ የአካባቢ ሰው ፈልገው እትዬ ዘምዘም ዘንድ መጡ። እትዬ ዘምዘም እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየሁም። ሚዷቸውን በአዲስ ጨርቅ ጠቅልለው ለእኔ አሸከሙኝ፤ ረዳታቸው ሆኜ ልሄድ ነው። «የሚያዩትን ሲሰድቡ ኖረው አሁን ሊሠሩት ነው» ብዬ ቀለድኩባቸው። «እንግዲህ ሰዳቢ ይምጣብኝ» አሉ።

ደስታቸው ሁለት ቀን አልቆየም።

የፊልሙ ዋና ሴት በልጃገረድነቷ ትጀምራለች፤ ታገባለች፤ ባሏ ዘምቶ ይሞታል፤ ከዚያ ሕዝብ የምትመራ እመቤት ትሆናለች። እትዬ ዘምዘም ይህን ሁሉ በጸጉር ነገሯቸው። የድሮ ልጃገረድ ሳዱላ ናት፤ አናቷ ይላጫል፣ ዙሪያው ይተዋል። ስታገባ አናቷ ያድጋል። ባሏ ሲሞት ሁሉም ይላጫል። ሐዘኗ ስንት ወር እንደሆነው የሚታወቀው ጸጉሯ ስንት ጣት እንዳደገ ታይቶ ነው። ይህን ካሳያችሁ ወሬ አያስፈልጋችሁም አሏቸው። ተዋናይቷ ግን መላጨት አልፈለገችም። መላጣ የሚያስመስል ነገር ማድረግም አልፈለገችም። ለልጃገረድነቷ እስከ ወገብ የሚደርስ ሰው ሠራሽ ጸጉር ቀጠሉላት። እትዬ ዘምዘም አዩና፣ «ሳታገባ ወገቧ ከደረሰ፣ ስታገባ የት ሊደርስ ነው?» አሉ። የሐዘኑ ቀን ደግሞ ጥቁር ሻሽ አሰሯት፤ ከፊት ለፊት አንድ ጉንጉን አምልጦ ወጥቷል፤ ዓይኗ ላይ የተለጠፈው ሽፋል እንደ መጥረጊያ ነው። «የሞተው የሌላ ሴት ባል ይሆናል» ብለው ዘወር አሉ።

የሜካፑ ኃላፊ ሮቤል የሚባል ወጣት ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሰላምታ ያውቃል፣ ይስቃል። በቱቦ ያመጣው ቀለም በእኛ አገር ሙቀት ቀለጠና ከሰው ፊት ላይ ይወርድ ጀመር። በተለይ ጥቁሩ። ጨንቆት ሲዞር አየሁትና አዘንኩለት። የድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቅኩ፤ በሙቀጫ አደቀቅኩ፤ በስስ ጨርቅ ነፋሁና ሳህን ላይ በሰሊጥ ዘይት ለወስኩለት። ላብ አያስለቅቀውም። ሮቤል ክንዱ ላይ ሞክሮ፣ «አንቺ ሳይንቲስት ነሽ» አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኑን የምይዘው እኔ ሆንኩ። ማታ ስጸልይ ስለዚያ ሳህን አመስግኛለሁ። ይህን መጻፍ ያስጠላኛል፤ ግን እውነት ነው።

በመጀመሪያ የቀባሁት የቀን ሠራተኞችን ነው። ከገለጉም ከሌላም ቦታ ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው የቀሩ ወንዶች ናቸው። በፊልሙ ጠላት ሆነው ይሮጣሉ። ጠላት ስለሆኑ መጥቆር አለባቸው አለ ሮቤል። ድሮም ጥቁር ናቸው። አንዱ ተራው ሲደርስ ሳህኑን አየና፣ «እመቤት፣ እናቴ ጨርሳ ነው የላከችኝ» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ስቄ ቀባሁት። በሁለት እጄ፣ እስከ አንገቱ። ያን ጊዜ አልቀፈፈኝም። ዛሬ የሚቀፈኝ ያን ጊዜ አለመቅፈፉ ነው።

እትዬ ዘምዘም ሳህኑን አይነኩም ነበር። ከቦታ ቦታ አዛውሩልኝ ስላቸው እንኳ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ከፊቴ ውሰጂው» አሉኝ። ሽታው መስሎኝ ወሰድኩት።

በዚያው ሳምንት ዳይሬክተሩ ሐናን አያት። ምሳዬን ይዛልኝ መጥታ ነበር። የእመቤቲቱን ገረድ የምትጫወት ልጅ ሲፈልጉ ነበርና እሷ ትሁን አለ። ሐና እግሯ መሬት አልነካም። እኔም እንደዚያው። ገረዲቱ በመጀመሪያ ታማኝ ናት። በኋላ ግን ለጠላት ጉድጓዱ የት እንዳለ ትነግራለች።

ሮቤል የሐናን ሦስት ፎቶ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ አሳየን። በኮምፒውተር ቀለም ቀይሮበታል። «ይሄ ታማኝ ስትሆን» አለ። «ይሄ ስታመነታ። ይሄ ስትከዳ።» በሦስተኛው ላይ ከፊቷ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው። ጎን ለጎን የእመቤቲቱ ሦስት ፎቶ አለ። እሷ መከራ በበዛባት ቁጥር፣ ትዕግሥቷ በጨመረ ቁጥር፣ እየነጣች ትሄዳለች።

እትዬ ዘምዘም መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«መክዳት ያጠቁራል እንዴ?» አሉ።

«ማዘር፣ ፊልም ነው። ተመልካቹ ቶሎ እንዲገባው ነው።»

«እኔ የወለድኩት አራት ነው፤ አንተ የቱ ነህ?» አሉት። ሮቤል ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ስማኝ ልጄ። እዚህ አገር የሚያይህ ሰው ሁሉ ፊቱ እንደዚህ ነው። ምን እንዲገባው ነው የፈለግከው?»

ከዚያ ተቀምጠው በትዕግሥት አስረዱት። ይቺ ልጅ ታማኝ በነበረች ጊዜ ጸጉሯ የተፈታታ ይሁን አሉ፤ ሠራተኛ ናት፣ የሰው ጸጉር ስትሠራ የእሷን የሚሠራላት የለም። የከዳች ዕለት ግን ጸጉሯ አዲስ ይሠራ። ቅቤ ይቀባ። ያውም ሙሻጥ ይሁን፣ የማዶ ሴቶች ሥራ። «ሰው የራሱን ማጅራት አይሠራም። አዲስ ጉንጉን ካየህ ሌላ እጅ ነክቷታል ማለት ነው። የማን እጅ ነው ብለህ ትጠይቃለህ። ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። የሚዋሽ ሰው ደግሞ ራሱን ይጠብቃል እንጂ አይቆሽሽም።»

ሮቤል እስኪጨርሱ ሰማቸው። አሪፍ ሐሳብ ነው አለ። ግን በጣም ስውር ነው፣ ካሜራ አይዘውም አለ። ለዳይሬክተሩም ሳይነግረው ቀረ።

የክህደቱ ትዕይንት የሚቀረጸው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጉድጓዱ ዳር ነው ተባለ። ከምሳ በኋላ ሮቤል ጠራኝና ሐናን እንድቀባ ነገረኝ። እሱ ሌሎቹን እየሠራ ነበር። «ጥቁሩን አብዢው፤ ሦስተኛውን ፎቶ እያየሽ» አለኝ።

ማንም እጄን አልያዘም። እንቢ ብል የሚያስገድደኝ አልነበረም። ሳህኑን አመጣሁና የልጄን ፊት ቀባሁ። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን። ፎቶውን እያየሁ። ጥሩ አድርጌ ነው የቀባሁት።

ሐና በትንሹ መስተዋት ራሷን አየች። ወዲያና ወዲህ አዞረችው።

«እማዬ፣ አባቴን መሰልኩ አይደል?» አለችኝ።

አባቷ በጣም ጥቁር ነበር። የሰው ነገር የማይነካ፣ የወደቀ ብሎን እንኳ ለባለቤቱ የሚመልስ ሰው ነበር። እሷ የምታስታውሰው ፊቱን ብቻ ነው። ሦስተኛው ፎቶ ላይ ያለችው ከሐዲ የያዘችው ያንን ፊት ነበር። ጥላሸቱ እስከ አንጓዬ ደርሷል፤ ሰሊጡ ይሸተኛል። «አዎ» አልኳት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

እትዬ ዘምዘም ከወዲያ በኩል ሰምተዋል። በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ሐናን በእጇ ይዘው ጉልበታቸው መሃል አስቀመጧት። ንጹሕ የሰሊጥ ዘይት በጨርቅ አድርገው ፊቷን ጠረጉላት፤ ጥላሸቱ የሚለቀው በራሱ ዘይት ነው። ከዚያ በሳሙና አጠቧት። ሦስት ውሃ ፈጀ። ወደ እኔ ቀና ብለው አላዩም። ጸጉሯን ፈቱና በጥፍራቸው ከፈሉት፤ ሙሻጥ መሥራት ጀመሩ።

ሙሻጥ ቀላል ሥራ አይደለም። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሮቤል ከሌሎቹ ጋር ጨርሶ ሲመጣ የራሷ ግማሽ እንደ ክር ተጎንጉኗል፣ ግማሹ ተበትኗል። አፉን ያዘ። ሮጦ ዳይሬክተሩን ጠራው።

ዳይሬክተሩ ማን እንዳዘዛቸው ጠየቃቸው። ማንም አላዘዘኝም አሉ። ፍቱት አላቸው።

«መፍታቱ ከመሥራቱ ይረዝማል» አሉ እትዬ ዘምዘም። «ብትፈልግ ጀምር፤ ጥፍር ካለህ።»

«ብርሃኑ እየሄደብኝ ነው፣ እናቴ!»

«ፀሐይ የእኔ ሠራተኛ አይደለችም።»

ይህን ሲሉ እጃቸው አላቆመም። ምን እንዳደረጉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በግማሽ የተሠራች ልጅ ካሜራ ፊት አትቆምም። ከበርጩማው ሊያነሷትም አይችሉም። ያለው ምርጫ መጠበቅ ብቻ ነው። መቶ የሚሆን ሰው፣ ፈረሱም፣ መኪናውም፣ ያቺ ባለ ሽፋል ተዋናይም፣ በዚያ ሙቀት ቆመው አንዲት አሮጊት እስክትጨርስ ጠበቁ። ሐና አንገቷን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። አንዱ የቀን ሠራተኛ፣ ያ እናቴ ጨርሳ ነው የላከችኝ ያለው፣ ማሰሮ ውሃ አምጥቶ ከእትዬ ዘምዘም አጠገብ አኖረና ሄደ።

ሲጨርሱ ፀሐይዋ ማሳው ጠርዝ ላይ ነበረች። ሮቤል ሳህኑን ይዞ ሊጠጋ ሲል ዳይሬክተሩ፣ «ተወው፤ ጊዜ የለም፤ እንዳለች» ብሎ ጮኸበት። እንዳለች ቀረጿት። በገዛ ፊቷ።

«ኸላስ» አሉ እትዬ ዘምዘም፣ አለቀ ማለታቸው ነው። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ነገ እንዳይመጡ ተነገራቸው። ሚዷቸውን ጠቅልለው በእግራቸው ወደ ከተማ ሄዱ።

እኔ አልሄድኩም። ሥራው አራት ቀን ቀርቶት ነበር። አራቱንም ቀን ሳህኑን ይዤ ቆየሁ። ሐናም የቀራትን ሠራች። እትዬ ዘምዘም ቤት ስመለስ እንዴት ነበር አላሉኝም። «ውሃ ጣጂ፤ ሰው መጥቷል» ነው ያሉኝ።

ፊልሙ ከዓመት በላይ ቆይቶ ደረሰ። በከተማው አዳራሽ፣ በእሁድ ከሰዓት፣ ግድግዳ ላይ አሳዩን። አገሩ ሁሉ መጣ። እትዬ ዘምዘምም መጡ፤ ሐና መሃላችን ተቀመጠች። የገረዲቱ ታማኝነት አለፈ። ከዚያ ጉድጓዱ መጣ። በመጀመሪያ የታየው ከኋላ ነው፤ ማጅራቷ፣ ሙሻጡ። የሴቶቹ ወገን ጉርምርም አለ። አንዷ፣ «ውይ፣ ይቺስ ማዶ ደርሳለች» አለች። ሌላዋ፣ «ማን ሠራላት?» አለች። ልጄ ገና ፊቷን ሳታዞር፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣ አዳራሹ ሙሉ ሴት መክዳቷን አውቋል።

ከዚያ ፊቷን አዞረች። ጥቁር ነበር። በኮምፒውተር አጥቁረውታል። ጥላሸቱ ቢያንስ ይወዛል፣ የሰው ላብ አለበት። ይህ እንደ ቀዳዳ ነበር። ዓይኗ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። ቀጥሎ እመቤቲቱ መጣች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የበለጠ ነጥታለች። አዳራሹን አየሁት፤ ከፊት እስከ ኋላ ጥቁር ፊት፣ ከፍሎ የገባ ሁሉ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ስለ ራሱ ምን እንደሚባል ቁጭ ብሎ ያያል። አንዳንዱ ያጨበጭባል።

ሐና ተነስታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሰፈር ጎረምሶች ጥላሸት ይሏት ጀመር። አንድ ወር ሳይሆን ትራሷ ሥር ቅባት አገኘሁ፤ ከማዶ የሚመጣው፣ ፊት የሚያነጣው። ጉንጯ ላይ ቆዳዋ መላጥ ጀምሮ ነበር። ሽንት ቤት ጣልኩት። ሌላ ገዛች። ያንንም ጣልኩት። ተቆጣኋት፤ ለመንኳት። አታየኝም፤ ታጥባ ትወጣለች፣ ታጥባ ትገባለች።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው፣ መክረው፣ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። አንድም ቀን አላጓደልኩም። ልቤ ግን አላረፈም። በመጨረሻ እትዬ ዘምዘምን፣ «እርስዎ ያናግሯት፤ እርስዎን ትሰማለች» አልኳቸው።

ብቻችንን ነበርን። የሚሠሩት ሰው አልነበረም። ሐናን ከቀባሁ ወዲህ ስለዚያ ሳህን ሲናገሩኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«እኔ ምን አድርጌያት ነው የማናግራት?» አሉኝ።

ስግደቱን ነገርኳቸው። ከልቤ መጸጸቴን።

«ለፈጣሪሽ ሰግደሻል፤ ደግ አድርገሻል» አሉ። «የቀባሽው ግን የእሱን ፊት አይደለም።»

ልወጣ ተነሳሁ፤ እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«እነዚያ መጥተው ሄዱ። ልጂቱን አያውቋትም፣ አባቷንም አያውቁም። አንቺ አባቷን ቀብረሽ፣ ጸጉርሽን ተላጭተሽለት፣ ፊቱን በሳህን ለወስሽው። ለሷ እናት አለኋት ብለሽ ትቆጪያለሽ። መጀመሪያ ሄደሽ ይቅር በይኝ በያት። እኔ ያንቺን ሥራ አልሠራልሽም።»

ያን ቀን ጠላኋቸው። በቃ ከቤታቸው አልመለስም ብዬ ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቃል የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ‹ችግር ነው፣ ምን ታደርጊ› ነበር የሚለኝ። አሁን ሳስበው፣ እግዚአብሔር የሚያጽናናኝን ሰው ሁሉ ሰጥቶኝ፣ አንድ የሚገሥጸኝ ሰው ደግሞ ሰጠኝ። ስለ ሌላው ከማመሰግነው በላይ ስለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ቤት ስገባ ሐና ልብስ ታጥባለች። አጠገቧ ተንበረከክሁ። እናት ለልጇ ስትንበረከክ አይታ አታውቅም፤ እኔም አላየሁም። ያንን ጥላሸት ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ የለወስኩት እኔ ነኝ፣ አባትሽን መሰልኩ ስትይኝ አንገቴን መድፋት ሲገባኝ አዎ ያልኩሽ እኔ ነኝ አልኳት። ይቅር በይኝ።

እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ማጠቧን ቀጠለች። ያን ቀን አልመለሰችልኝም። በማግስቱም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን ሳጣፋ ከኋላዬ መጣች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ። «ግን ከእንግዲህ ፊቴን ልትነኪ ስትፈልጊ ጠይቂኝ።»

ቅባቱን ራሷ ትጣለው ትጨርሰው አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም። ሌላ ግን አላየሁም። ፊቷ ቀስ እያለ ወደ ራሱ ተመለሰ። ግራ ጉንጯ ላይ አንድ የነጣ ቦታ አለ፤ እሱ አልተመለሰም።

እትዬ ዘምዘም ዘንድ ተመልሼ ሐና ያለችኝን ነገርኳቸው። አንዲት ሴት ጉልበታቸው መሃል ነበረች፤ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። «ትክክል ናት» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «ዘይቱን አቀብዪኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ሐና አሁን ትልቅ ሴት ናት። ባለፈው ክረምት እኔ ዘንድ ኮኪት እንዳለች ወባ ያዛት። ግንባሯ ከሩቅ ይነድዳል። እርጥብ ጨርቅ ይዤ አልጋዋ ራስጌ ቆምኩ።

«ልንካሽ?» አልኳት።

ዓይኗን አልገለጠችም። ትንሽ አሰበች።

«እሺ» አለችኝ።